ስልካችሁን ራሳችሁ አንብቡ
(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ እጅ ስልክ ነው። «ስለ ስልክ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋል? ሲጮኽ ማንሣት፣ ማነጋገር፣ መዝጋት ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልክ መጀመሪያ ለጆሮ የተሠራ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ለዓይንም ሆኗል። ማንበብ የማይችል ሰው የስልኩን ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ሌላው ግማሽ በሰው እጅ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሰው ፊደል ለመቁጠር የተነሣበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ከልጁ የመጣለትን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሳይሰማው ራሱ ማንበብ ይፈልጋል። በጣቱ መፈረም ትቶ ስሙን መጻፍ ይፈልጋል። በዚያን ጊዜ በአገራችን የእጅ ስልክ አልነበረም። የእጅ ስልክ አገልግሎት አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር የሚባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያና የመቀበያ አገልግሎት በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ኤም ፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ተከተለ። እንግዲህ ዛሬ ደብዳቤውም ገንዘቡም በስልክ ይመጣል። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ቢያነብባችሁ ምስጢራችሁ ይወጣ ነበር። የገንዘቡን መልእክት ሌላ ሰው ሲያነብላችሁ ግን ገንዘቡም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ስድስት ነገሮችን አንድ በአንድ እንመለከታለን።

አንደኛ፤ ቁልፎቹን እንወቅ

ባለ ቁልፍ ስልካችሁን አውጡና ተመልከቱ። ከ1 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች አሉ። ከታች መካከል ላይ 0 አለ። ከ0 ግራና ቀኝ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዱ * ነው፤ ኮከብ ይባላል። ሌላው # ነው፤ መሰላል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ፊደልም ቁጥርም አይደሉም። ግን ሥራ አላቸው። በኮከብ ጀምረን፣ ቁጥር ጽፈን፣ በመሰላል ስንዘጋ ስልኩ ጥያቄ መሆኑን ያውቃል። ለምሳሌ *127# ብለን የመደወያውን ቁልፍ ብንጫን የቴሌብር ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ የተጻፈ ነው። የምንፈልገውን አንብበን ቁጥሩን እንልካለን።

እዚህ ላይ አዲስ አንባቢን የሚያናድድ አንድ ነገር አለ። ዝርዝሩን ቀስ ብላችሁ ስታነቡ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ሳትደርሱ ጽሑፉ ይጠፋል። «ምን አበላሸሁ?» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ምንም አላበላሻችሁም። መልስ ሲዘገይበት መሥመሩ ራሱ ይዘጋል፤ አሠራሩ ነው። ገንዘብ የሚላከው የምስጢር ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ስታጸድቁ ብቻ ነው። ስለዚህ አትደንግጡ፤ እንደገና ጀምሩ። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ዝርዝሩን ሲመጣ አንድ አንድ መስመር እየገለበጣችሁ በደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ከዚያ በደብተሩ ላይ በእርጋታ ተለማመዱ። በሚቀጥለው ጊዜ ዓይናችሁ ቃሉን ገና ሲያየው ያውቀዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?

ሁለተኛ፤ የገንዘብ መልእክት

እስቲ አንዲት እናት በግ ይዘው ገበያ ወጡ እንበል። ገዥ መጣ። በ9,000 ብር ተስማሙ። ገዥው «ጥሬ ገንዘብ አልያዝኩም፤ በስልክ ልኬልዎታለሁ፤ ይኸው ይዩት እማማ» ብሎ የራሱን ስልክ አሳያቸው። እውነትም ጽሑፍ ይታያል። በጉን ይስጡት ወይስ አይስጡት?

አይስጡት! በእሱ ስልክ ላይ ያለው ጽሑፍ የእሱ ነው። ገንዘብ ደረሰ የሚባለው በእርስዎ ስልክ ላይ ሲደርስ ነው። በራስዎ ስልክ ላይም ቢሆን ጽሑፍ መምጣቱ ብቻ አይበቃም። ማንም ሰው ተራ መልእክት ጽፎ «9,000 ብር ደርሶዎታል» ብሎ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ የሚል መልእክት ሲመጣ እነዚህን አምስት ነገሮች ፈልጋችሁ አንብቡ።

1. ማን ላከው? ከላይ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። የቴሌብር መልእክት 127 ከሚለው ይመጣል። ሦስት አኃዝ ብቻ ነው። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ከሆነ ግን የግለሰብ ስልክ ነው። ቁጠሩት።

2. ስንት ብር ነው? ዜሮዎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ። 900 ሁለት ዜሮ አለው። 9,000 ሦስት ዜሮ አለው። በ900 እና በ9,000 መካከል ያለችው አንዲት ዜሮ ናት። ያቺ ዜሮ ግን የበጉ ዋጋ ናት።

3. መቼ ነው የተላከው? የዛሬ ነው ወይስ የቆየ?

4. የግብይት ቁጥሩ የት አለ? ይህ እንደ ደረሰኝ ቁጥር ነው። ክርክር ቢነሣ በእርሱ ይጣራል።

5. ቀሪ ሒሳባችሁ ስንት ሆነ? ከበፊቱ ላይ 9,000 ተጨምሮበታል?

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ *127# ብላችሁ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ጠይቁ። ጽሑፍ ሊዋሽ ይችላል። ሒሳቡ ከተጨመረ ግን ተጨምሯል። ይህን እስክታዩ ድረስ የበጉን ገመድ አትልቀቁ። ገዥው ቢቸኩል ይቸኩል። እውነተኛ ገዥ ሁለት ደቂቃ አይከፋውም።

ሌላም ተንኮል አለ። አንድ ሰው ይደውልና «ይቅርታ፣ በስሕተት ብር ላክሁብዎ። እባክዎ ይመልሱልኝ። የልጄ መታከሚያ ነው» ይላል። አስቀድሞ የውሸት መልእክት ልኮ ይሆናል። እናንተም ደግ ልብ ስላላችሁ ከገዛ ገንዘባችሁ ትልኩለታላችሁ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ መጀመሪያ ሒሳባችሁን ተመልከቱ። ምንም ካልተጨመረ ሰውየው ሌባ ነው። በእውነት ተጨምሮ ከሆነም ራሳችሁ አትላኩ። «ወደ ድርጅቱ ሄደህ አመልክት» በሉት። የማንም ያልሆነ ገንዘብ እንዳትበሉ፣ የራሳችሁንም እንዳትበሉ መንገዱ ይኸው ነው።

ሦስተኛ፤ የምስጢር ቁጥር

የምስጢር ቁጥር የሣጥን ቁልፍ ነው። የሣጥናችሁን ቁልፍ ለባለ ሱቅ ትሰጡታላችሁ? አትሰጡም። ታዲያ ብዙ ሰው የምስጢር ቁጥሩን ለባለ ሱቁ በአፉ ይነግረዋል። «እኔ አላውቀውም፤ አንተው ጻፍልኝ» ይለዋል። ባለ ሱቁ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከኋላ ቆሞ የሚሰማውን ማን ያውቀዋል?

ልጆቻችንም ብዙ ይረዱናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ይሁን እንጂ ልጅ ዛሬ ቤት ነው፤ ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከተማ ይሄዳል። ያን ጊዜ ስልኩ ከእናንተ ጋር ይቀራል፤ ንባቡ ግን ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ልጁን «ጻፍልኝ» ከማለት «አሳየኝ» ማለት ይሻላል። ቁጥሩን በእናንተ ጣት ጫኑ። እርሱ አጠገባችሁ ይቁም።

የምስጢር ቁጥር ስትመርጡ 123456 አታድርጉት። የተወለዳችሁበትንም ዓመት አታድርጉት። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚህን ነው። በስልኩ ጀርባ ላይ በወረቀት ለጥፋችሁም አታስቀምጡት። ይህ ቁልፉን ከሣጥኑ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ሲም ካርዱም ራሱ መቆለፊያ ሊኖረው ይችላል። ቁልፍ ከተደረገበት በኋላ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ብታስገቡ ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚከፍተው ሌላ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር እየገመታችሁ አትሞክሩ። አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲም ካርዱ ለዘለዓለም ይዘጋል። ስለዚህ ሲም ካርድ ስትገዙ የመጣበትን ፕላስቲክ አትጣሉት። ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፎ ከሆነ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡት።

ደግሞም ይህን ልብ በሉ። «ከድርጅቱ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሁሉ አታላይ ነው። ድምፁ የቱንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ ስማችሁንም ቢጠራ አትመኑት። ተታልላችሁም ቢሆን አፍራችሁ ዝም አትበሉ። ያኑኑ ሰዓት ለድርጅቱ አስታውቁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ከሳምንት በኋላ መጮኽ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

አራተኛ፤ ሰዓቱና ቀኑ

አሁን ደግሞ ማንበብ የቻለውን ሰው ራሱን የሚያሳስት ነገር እንመልከት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስልካችሁን ብታዩ 7:00 ይላል። ስልኩ አልተበላሸም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምረን ነው። ስልኩ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው።

ሕጉ ይህ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ከ6 በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ጨምሩ። 8:30 ቢል፣ ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ 2 ይቀራል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። 3:00 ቢል፣ 3 እና 6 ሲደመር 9 ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንዳንድ ስልክ ደግሞ ከቀትር በኋላ 13፣ 14፣ 15 እያለ ይቀጥላል። 14:00 ቢል 6 ቀንሱ፤ 8 ሰዓት ነው። 19:00 ቢል 6 ስትቀንሱ 13 ይሆናል። ከዚያ ላይ ደግሞ 12 ቀንሱ። ማታ 1 ሰዓት ነው።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ በሽተኛ «ቀጠሮዎ በ8:30 ነው» የሚል መልእክት ደረሰው እንበል። መልእክቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለቱ ነበር። እርሱ ግን እንደ እኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል መስሎት ከቀትር በኋላ ሄደ። 6 ሰዓት ዘገየ። ሐኪሙ ሄዷል፤ ተራው አልፏል። ስለዚህ ሰዓት ሲነገራችሁ «በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። ስልኩ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልኩ ላይ 11/9/2025 ተብሎ ይታያል። አንዳንዱ ስልክ ደግሞ ወሩን አስቀድሞ 9/11/2025 ብሎ ያሳያል። ከእኛ አዲስ ዓመት ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው። ፈረንጆቹ ዓመታቸውን ከቀየሩበት እስከ እኛ አዲስ ዓመት ደግሞ ልዩነቱ 8 ዓመት ነው። የፈረንጅ አዲስ ዓመት የሚውለው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ከስልክም አልፎ ሌላ ጥቅም ያገኛል። የመድኃኒት ማሸጊያ አንሡና ተመልከቱ። መድኃኒቱ የሚያልፍበት ጊዜ ተጽፎበታል። 06/2026 የሚል ቢሆን የፈረንጅ ስድስተኛ ወር፣ የ2026 ዓመት ማለት ነው። በእኛ ሲሰላ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ነው። ቁጥሩን ብቻ አንብቦ አቆጣጠሩን ያላወቀ ሰው ግን «እስከ 2026 ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ ያለፈበትን መድኃኒት ለልጁ ሊያጠጣ ይችላል። አያችሁ? ንባብ ቁጥሩን ማወቅ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ የማን እንደሆነም ማወቅ ነው።

አምስተኛ፤ ፊደላችን በስልክ ውስጥ

በመማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ 33 የፊደል ቤቶች አይታችኋል። እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ሆኖ 231 ይሆናል። የስልኩ ቁልፍ ግን አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ፊደል በምን ይገባል? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል።

ስልክና ኮምፒውተር የፊደልን መልክ አያውቁም። የሚያውቁት ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የዓለም ቋንቋዎች ፊደላት በሙሉ መለያ ቁጥር እንዲኖራቸው ዩኒኮድ የሚባል ዓለም አቀፍ መዝገብ ተዘጋጀ። የእኛ ፊደል በዚህ መዝገብ ውስጥ በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ገባ። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው። ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ለ 4616 ነው። እናንተ ሀ ብላችሁ ስትልኩ በአየር ላይ የሚሄደው ቁጥሩ ነው። የተቀባዩ ስልክ ቁጥሩን አይቶ የሀን መልክ ይሥላል።

አንዳንድ ጊዜ የአማርኛ መልእክት ሲመጣ በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ተደርድሮ ይታያል። ይህም ብዙ ሰው ያናድዳል። ምክንያቱ እንግዲህ ገብቷችኋል። ቁጥሩ ደርሷል፤ ነገር ግን ያ ስልክ የእኛን ፊደል መልክ አልተማረም። ስልክም ማይም ይሆናል ማለት ነው! ስለዚህ ስልክ ስትገዙ ገና ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ በሌላ ስልክ «ሰላም» የሚል መልእክት በአማርኛ አስልኩበትና እዩ። ሣጥን ካሳያችሁ ሌላ ስልክ አምጡልን በሉ። የአማርኛ ቋንቋ ምርጫ እንዳለውም ጠይቁ።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አንድ አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። አድልዎ አይደለም። መልእክቱ እንደ አንድ ቁና ነው። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ባቄላ ቢቆጠሩ ቁጥራቸው እኩል ይሆናል? አይሆንም። የባቄላው ፍሬ ትልቅ ስለሆነ ቁናው ቶሎ ይሞላል። የእኛም ፊደል ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ተከፍሎ እንደ ሁለት ይሄዳል፤ ሒሳቡም እንደ ሁለት ሊቆጠር ይችላል። በቃላትና በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል። ስለዚህ አሳጥራችሁ መጻፍ ልመዱ። «በሬው ድኗል። ቅዳሜ ና። ሁላችን ደኅና ነን።» ይህ 70 አይሞላም። የሚያስፈልገው ሁሉ ግን አለበት።

ስድስተኛ፤ ባትሪውን መጠበቅ

ያልበራ ስልክ አይነበብም። ስለዚህ ስለ ባትሪ ጥቂት እንበል። «አዲስ ስልክ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ መደረግ አለበት» ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ለድሮ ባትሪዎች የተባለ ምክር ነው። የዛሬው የስልክ ባትሪ ሊቲየም ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። ሌሊት ሙሉ መቆየት አያስፈልገውም። ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅም አይጠቅመውም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ስልኩን ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ትራስ ሥር አድርጋችሁ ቻርጅ አታድርጉ። በፀሐይ የሚሞላ ሰሌዳ ያላችሁም ሰሌዳውን ፀሐይ ላይ፣ ስልኩን ጥላ ሥር አኑሩት። ሰሌዳውን አቧራ ሲሸፍነው በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ባትሪው ካበጠ አትጠቀሙበት፤ አትውጉት፤ እሳትም ውስጥ አትጣሉት፤ ይፈነዳል።

ስልክ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ አጥፉት፤ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ባትሪውን አውጡ። በጨርቅ አድርቃችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ አቆዩት። እሳት አጠገብ አታድርጉት። ሩዝ ወይም እህል ውስጥ መቅበርም አይጠቅምም፤ ብናኙ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል።

የተከበራችሁ አድማጮችና አንባቢዎች! ንግግራችንን ከመዝጋታችን በፊት ለንባብ ክፍላችሁ የሚሆን መልመጃ እነሆ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ሥሩት።

1. አንድ መልእክት ከ0 የሚጀምር አሥር አኃዝ ካለው ቁጥር መጣ። «4,000 ብር ከቴሌብር ደርሶዎታል» ይላል። ምን ታደርጋላችሁ?

2. ስልኩ 10:15 ቢል በእኛ ስንት ሰዓት ነው? 5:00 ቢልስ?

3. 500፣ 5,000 እና 50,000 ብር ጽፋችሁ ዜሮዎቹን ቁጠሩ።

4. ከ70 ፊደል ያልበለጠ መልእክት ለዘመዳችሁ ጻፉ። ባዶውን ቦታ ጭምር ቁጠሩ።

ይህን መልመጃ ከጨረሳችሁ በኋላ ገና ማንበብ ላልጀመረ አንድ ጎረቤታችሁ ኮከብንና መሰላልን አሳዩት። የገንዘብ መልእክቱንም ከላይ እስከ ታች አብራችሁ አንብቡ። የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ግን ፊታችሁን ወደ ሌላ አዙሩ። ይህ ከመምህር የሚጠበቅ ሥነ ሥርዓት ነው።

በሚቀጥለው ንግግር እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።